ለጽዳት የበራ መብራት

ሶሊያና የሥራ መብራት ልትገዛ የወጣችው በ2074 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ማደንዘዝ በጀመረበት ሳምንት ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ፣ ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ መብራት ሠርታለች፤ ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲጫኑት የሚጠፋ። ለእሱ የሚሆን ባትሪ መመረት ካቆመ ስድስት ዓመት አልፎታል። በእጇ የቀረው የመጨረሻው ባትሪም በዚያ ሳምንት ቻርጅ መያዝ ተወ።

ያለ መብራት ደግሞ ሊፍት አይጠገንም። ሊፍቱ የሚመላለስበት ጉድጓድ ውስጥ ድሮ የነበሩት አምፖሎች “ሠራተኛው የራሱን ይዞ ይመጣል” ተብለው ተነቅለዋል። የስልክ መብራት ሥራ ቦታ ሲደርስ በራሱ ይጠፋል። ሥራ የሚሠራው በተመዘገበ ብርሃን ብቻ ነው፤ መብራቱ ያያል፣ ያየውን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ተሠራ ይባላል።

ወደ አንዋር ሱቅ ገባች። አንዋር ከድሮ ጀምሮ መሣሪያ የምትገዛበት ሰው ነው።

“ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?” አላት።

“የሚያበራ።”

“ሁሉም ያበራሉ።”

“እንግዲያው ስማኝ። በአንድ ቻርጅ አራት ሰዓት የሚቆይ። ጀርባው ማግኔት ያለው፣ ብረት ላይ የሚለጠፍ። ማንጠልጠያም ይኑረው። ከእጄ ቢወድቅ የማይሰበር። ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሳይሆን ሰፋ ብሎ የሚፈስ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

አንዋር ሦስት መብራቶች ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። “ይህን ይህን ሁሉም ያሟላሉ። ልዩነታቸው ሌላ ነው። ቢጫው ያበረታታል፤ ሥራ ስትጨርሺ ያመሰግንሻል። ይሄ ይመክራል፤ አያያዝሽ ካላማረው ይነግርሻል። ግራጫው ዝምተኛ ነው።”

“ዝምተኛውን ስጠኝ።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“አንዋር፣ ሊፍቱ ያወራል፣ ፍሪጄ ያወራል፣ ባሌ ያወራል። መብራት እንኳ ዝም ይበለኝ!”

“እሺ። ግን በኋላ አልነገረኝም እንዳትይ። ዝምተኛ ማለት የሥራውን ዓይነት ይጠይቅሻል፣ ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ሲጠፋም ለምን እንደጠፋ አይነግርሽም።”

“ለምን ይጠፋል?”

“እሱን እኮ ነው የማይነግርሽ።”

ሶሊያና ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ዝም ብሎ መብራት የሆነ መብራት የለህም? መዝገብ ምናምን የሌለው?”

አንዋር መልስ ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ የራሱን የጣሪያ መብራት አየ። “ግራጫውን ልጠቅልልልሽ?” አላት ጮክ ብሎ።

ጠቀለለላት።

ሶሊያና የምትሠራው ሃያ ሁለት ፎቅ ባለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ አራት ሊፍቶች አሉት፣ አራቱም አርጅተዋል። ግራጫውን መብራት ጠዋት ጠዋት ከቻርጅ ነቅላ ቀበቶዋ ላይ ስታስረው ያው አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ “የሥራው ዓይነት?” መልሱ ከአራት አንዱ ነው፤ ምርመራ፣ ጥገና፣ ቅባት፣ ጽዳት። ከአራቱ አንዱን ስትነግረው ይበራል። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልካደችም። ሰፊ፣ ነጭ፣ ዓይን የማያደክም። ማግኔቱም ብረት ላይ ሲለጠፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ችግሩ መጥፋቱ ነው። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ጠፋ። የመጀመሪያው ጓንቷን ስላወለቀች እንደሆነ ገባት፤ ትንሽ ብሎን በጓንት አይያዝም፣ መብራቱ ግን ይህን አያውቅም። የሌሎቹን ምክንያት ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀባት። በሽቦዎቹ ፊት ቆማ “ይሄ ከየት ነው የመጣው?” ብላ ማሰብ ስትጀምር ጭልም ይላል። እጇን ስታንቀሳቅስ ይመለሳል። እጇ ሲቆም ሥራ ቆሟል ማለት ነው።

“ማሰብ ሥራ አይደለም እንዴ!” ብላ ጉድጓዱ ውስጥ ጮኸች። መብራቱ አልመለሰላትም፤ ዝምተኛ ነው።

ስለዚህ እያሰበች የብሎን መፍቻ ባዶ አየር ላይ ማሽከርከር ለመደች። በሁለተኛው ሳምንት እራት ላይ ባሏ ማንኪያዋን አይቶ “ምን እየፈታሽ ነው?” አላት። ማንኪያውን ወደ ግራ እያዞረች እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ማንኪያውን ወጥ ውስጥ ወርውራ ተነሣች።

መብራቱ እንደሚሰማም ያወቀችው በዚያው ሰሞን ነው። “ቅባት” ብላው ሐዲዱን ስትቀባ እህቷ ደወለችላት። ስለ ልጇ ሠርግ ሁለት ቃል እንደተነጋገሩ ጨለመ። ስልኩን ዘግታ ትንሽ ቆይታ ስለ ቅባት ማውራት ጀመረች፤ “ይኸው እየቀባሁ ነው፣ እዚህም እቀባለሁ፣ ቅባት ነው ይሄ።” በራ። ለግዑዝ ነገር ስታቆላምጥ ራሷን ሰማችና ደሟ ፈላ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ሊፍት በአስራ አንደኛና በአስራ ሁለተኛ ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ ጋሽ ያፌት ነበሩ።

ጋሽ ያፌት ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አስራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ወርደው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ይመለሳሉ። ስምንት ሰዓት ላይ የልብ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ፤ ሐኪሙ ሰዓቱ እንዳይዛነፍ አስጠንቅቋቸዋል።

ሶሊያና ስትደርስ የሕንፃው አስተዳዳሪ ባሮክ ሊፍቱ በር ላይ ቆሟል። ባሮክ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ከእጁ የማይለየውን የመዝገብ ሰሌዳ እያየ የሚናገር ወጣት ነው።

“እትዬ ሶሊያና፣ አመልክቻለሁ” አላት። “ነፍስ አድኖች ይመጣሉ። ተራችን አስራ ዘጠነኛ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ይላል።”

“አስራ አንድ ሰዓት! ሰውየው መድኃኒት አላቸው እኮ!”

“አውቃለሁ። ግን ሰው ማውጣት የእነሱ ሥራ ነው።”

ሶሊያና አልተከራከረችውም። የአስራ ሁለተኛውን ፎቅ የሊፍት በር በቁልፏ ከፈተች፤ የሊፍቱ ጣሪያ ከእግሯ ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። መብራቷን ነካች።

“የሥራው ዓይነት?”

“ሰው ማውጣት።”

አልበራም።

“ሰው ተይዟል! ሽማግሌ ናቸው! ሰው ማውጣት!”

“የሥራው ዓይነት?” አለ መብራቱ እንደገና፣ በዚያው ድምፅ።

“ጥገና በይው፣ ጥገና በይው” አላት ባሮክ ከኋላዋ።

“ጥገና” አለች። በራ። ወደ ጣሪያው ወረደች። ከእግሯ ሥር፣ በአየር ማስገቢያው በኩል “ማነው?” የሚል ድምፅ መጣ። “እኔ ነኝ ጋሽ ያፌት፣ ሶሊያና! አሁን አወጣዎታለሁ” ብላ መለሰች። “አወጣዎታለሁ” የሚለው ቃል ከአፏ እንደወጣ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምንም ብትለው አልመልስ አለ።

ጣሪያው ላይ የእጅ መዘውር አለ። እሱን በማዞር ሊፍቱን በዝግታ ማውረድም ማንሣትም ይቻላል። ነገር ግን ከላይ ያለው በር ካልተዘጋ ፍሬኑ አይላላም። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ጉድጓዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

“ዝጋው” አለችው ባሮክን።

“በጨለማ? እትዬ ሶሊያና፣ እኔ አላየሁም እሺ? እኔ እዚህ አልነበርኩም።”

“ማን ያያል በጨለማ? ዝጋው!”

ተዘጋ።

ሶሊያና ተንበርክካ መዘውሩን በዳበሳ አገኘችው። ያልመለሰላትን መብራት፣ የሠራውን፣ የሸጠላትን፣ ይህን ሕግ ያወጣውን ሁሉ በየተራ ሰደበች። ከሥሯ የጋሽ ያፌት ሳቅ ተሰማ።

“ማንን ነው እንዲህ የምታበሻቅጪው?”

“መብራቴን ነው ጋሽ ያፌት! አልበራም አለኝ።”

“በይ ስደቢልኝ፣ እኔንም አናዶኛል። እዚህም ጨለማ ነው።”

“ፈሩ እንዴ?”

“ብቻዬን ሳለሁ ፈርቼ ነበር።”

መዘውሩን ማዞር ጀመረች። ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ከጉልበቷ ሥር ተሰማት። ምን ያህል እንደወረደ ግን የምታይበት የለም፤ ከወለሉ ካለፈ በሩ አይከፈትም። ይህንኑ ነገረቻቸው። ትንሽ አሰቡና “ቆይ፣ መሬት ልተኛ” አሏት። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተጋድመው እጃቸውን በበሩ ሥር ክፍተት ላይ አደረጉ። የአስራ አንደኛው ፎቅ መተላለፊያ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ወለሉ ጋ ሲደርሱ ብርዱ በክፍተቱ መግባት አለበት።

“አሁንስ?” ትላለች አንዴ አዙራ።

“ግድግዳ ነው።”

“አሁንስ?”

“ገና ነው። ዕድሜ ልኬን ከፍታ ስለካ ኖሬ በደረቴ ተኝቼ ስለካ ይሄ መጀመሪያዬ ነው።”

“እርስዎ ብቻ አይነሡ። አሁንስ?”

“ቆይ… ጣቴ ላይ ነፈሰ። ስንዝር ያህል። ትንሽ ጨምሪ። ትንሽ… በቃ! በቃ፣ ቁሚ!”

ባሮክ ወደ አስራ አንደኛው ፎቅ ወርዶ በሩን ሲከፍት ወለሉና ወለሉ ገጥመው ነበር። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ጋሽ ያፌት አቧራቸውን አራግፈው ወጡ፤ ከጣሪያው የመጣችውን ሶሊያናን ጥብቅ አድርገው አቀፏት። ከዚያ በደረጃ፣ እያረፉ፣ ወደ አስራ አምስተኛ ፎቅ ወጡ።

በራቸው አልከፈትላቸው አለ።

“ባለቤቱ ሊፍት ውስጥ ናቸው” አለ በሩ።

“እኔ ነኝ እኮ” አሉ ጋሽ ያፌት። ፊታቸውን አስጠጉ፣ መዳፋቸውን ለጠፉ።

“ባለቤቱ ሊፍት ውስጥ ናቸው።”

ባሮክ ሰሌዳውን አገላበጠ። መዝገቡ ላይ ጋሽ ያፌት ከአራት ሰዓት ጀምሮ በአስራ አንደኛና በአስራ ሁለተኛ ፎቅ መካከል ናቸው። ሲወጡ ያየ የተመዘገበ ብርሃን የለም። ስላልታየ አልወጡም።

“ታዲያ አሁን ወጥተዋል ብለህ ጻፍበት!” አለችው ሶሊያና።

“እኔ መጻፍ አልችልም። ከሊፍት የሚያስወጣው መብራቱ ነው።”

“ፊት ለፊትህ ቆመው የለ?”

“ለእኔ ቆመዋል።”

መድኃኒት ቤት ደወሉ። ድምፁ በትሕትና “ሊፍት ውስጥ ላሉ ደንበኛ ማድረስ አንችልም” አላቸው። ሶሊያና ትልቁን የብረት መፈልቀቂያ ይዛ መጣች። ባሮክ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ የሌለ ሰው ቤት ከተሰበረ ሃያ ሁለቱም ፎቅ እንደሚቆለፍና የሚከፍተው እስኪገኝ ቀናት እንደሚፈጅ ነገራት። ባለፈው ዓመት በሌላ ሕንፃ የደረሰ ነገር ነው። ጋሽ ያፌት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው መገርጣት ጀምሯል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ባሮክ አንገቱን ደፍቶ ሊናገር የፈራውን ተናገረ። “አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ተመልሰው ይግቡና በብርሃን ይውጡ።”



“ከወጣሁበት?” አሉ ጋሽ ያፌት።

“መዝገቡ አሉ በሚልበት ቦታ ሆነው መብራቱ ሲወጡ ካየ ያበቃል። እትዬ ሶሊያና ሥራውን ‘ጽዳት’ ትላለች። ጥገናው ለዛሬ ተዘግቶባታል፣ ጽዳት ግን ክፍት ነው። ግን ጽዳት ስለሆነ…” ሰሌዳውን አየ። “መነጋገር የለም። አንድ ቃል ከተነጋገራችሁ ይጠፋል። ከጠፋ ደግሞ እስከ ነገ አይበራም።”

ሶሊያና ሽማግሌውን አየቻቸው። እርሳቸው ሰዓታቸውን አዩ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

“ዝም ስልዎት እንዳይቀየሙኝ” አለቻቸው።

“ገብቶኛል። ልጅ አይደለሁም” አሏት። በደረጃ ወደ አስራ አንደኛው ፎቅ ወረዱ።

ገቡ። በሩ ተዘጋባቸው። ሶሊያና የእጅ መጥረጊያ ይዛ ከአስራ ሁለተኛው ፎቅ ወደ ጣሪያው ወረደች፤ በሩ ሲዘጋ በጨለማው ሊፍቱን በመዘውሩ ወደ ነበረበት መለሰችውና መብራቱን ነካች።

“የሥራው ዓይነት?”

“ጽዳት።”

ጉድጓዱ በሙሉ ቦግ አለ። ጠዋት በዳበሳ የሠራችበትን ቦታ ያን ጊዜ አየችው። ተንበርክካ የነበረችው ከጣሪያው ጠርዝ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አስራ አንድ ፎቅ ገደል። ወደ መሃል ተሳበች። መብራቱ ፈዘዝ ሲል መጥረጊያውን አነሣች።

በቀኝ እጇ ትጠርጋለች፣ በግራ እጇ መዘውሩን ታዞራለች። መዘውሩ ለአንድ እጅ ይከብዳል። ሁለቱንም እጇን ልታደርግበት ስትል ብርሃኑ ይቀንሳል፤ መልሳ ትጠርጋለች። በጣሪያው ላይ አንድ እፍኝ አቧራ ነው ያለው። ያንኑ አቧራ ወደ ግራ ጠረገችው፣ ወደ ቀኝ ጠረገችው፣ መልሳ ወደ ግራ። መሳደብ አማራት፤ ግን አይቻልም።

ከሥሯ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

አልመለሰችም።

እንደገና ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ። መጥረጊያውን ጣሪያው ላይ አጠንክራ ሳበችው፤ ቢሰሙኝ እኔ መሆኔን ያውቃሉ ብላ። ማንኳኳቱ ቆመ። ጋሽ ያፌት መነጋገር እንደማይቻል እያወቁ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ በጣታቸው ብቻ ጣሪያውን ሞክረውት ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።  ክንዷ እየተቃጠለ አዞረች። ወለሉ ሲገጥም በብርሃኑ አየችው፤ ነፋስ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

ባሮክ በሩን ከፈተ። ሶሊያና በጣሪያው ቀዳዳ መብራቱን ወደ ታች አስገባችው። ጋሽ ያፌት በብርሃኑ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ባሮክ እጃቸውን ይዞ አወጣቸው።

ስምንት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ቤታቸው “እንኳን ደህና መጡ” ብሎ ተከፈተ። መድኃኒቱን በብርጭቆ ውኃ ዋጡ። ባሮክ ተደስቶ ከሰሌዳው አነበበላቸው፤ “በጽዳት ሥራ ወቅት አንድ ነዋሪ ሊፍት ውስጥ ተገኝተዋል፣ ወጥተዋል። ተዘግቷል።” ሶሊያና ሳቀች፤ ወደ ልቅሶ የቀረበ ሳቅ ነው። “እንደ አቧራ ጠርጌ አወጣሁዎት” አለቻቸው። ጋሽ ያፌት አልሳቁም። ባሮክም ይህን ሲያይ ተሰናብቶ ወጣ።

ሶሊያና ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከንፈራቸው ቀለሙ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

“እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም” አሏት።

“ጨለማው ነው። ይረሱታል።”

“ጨለማውማ የጠዋቱ ነው። ጠዋት ስትሳደቢ እሰማለሁ፣ እኔም እመልሳለሁ፣ ሥራ ላይ ነበርን።” ብርጭቆውን አስቀመጡ። “የኋለኛው ግን ብርሃን ነው። በየክፍተቱ ይገባል። ከላዬ የሆነ ነገር ይጠርጋል፣ ይቆማል፣ ይጠርጋል። አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። እንደማውቅ እያወቅሁ ግን ሰው መሆኑን ማመን አቃተኝ።”

ሶሊያና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከመናገሯ በፊት ግን ዓይኗ ወደ ቀበቶዋ፣ ወደ መብራቱ ሄደ። ጋሽ ያፌትም ስታይ አዩዋት።

ፊቷ ጋለ። ተነሥታ መብራቱን ከቀበቶዋ ፈታች፤ ወደ መተላለፊያው አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ በሩን ዘግታ ተመለሰች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ያፌት ይጠብቋታል።

“ሲያንኳኩ ሰምቼዎታለሁ” አለቻቸው። “ሁለቱንም ጊዜ።”